በቁራኛ የታሰረ ጥያቄ

እመት የብርጓል በስተርጅናቸው ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከቤታችን አጥር ማዶ ይኖሩ ነበር። ሬዲዮ የነበረው እኛ ቤት ስለ ሆነ ከሰዓት በኋላ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና መደቡ ላይ ተቀምጠው እየፈተሉ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን አንድ ሚኒስትር ምክር ቤት ቀርበው ስለ መንገድ ሥራና ስለ እህል ዋጋ ለእንደራሴዎቹ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ተላለፈ። የሚኒስትሩ ድምፅ ለስላሳ ነበር። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ይገኛል» አሉ፤ ጠያቂውም አመስግኖ ተቀመጠ።

እመት የብርጓል እንዝርታቸውን አቆሙ።

«አላቆራኟቸውም እንዴ?»

«ማንን እማማ?»

«ጠያቂውንና ተጠያቂውን ነዋ! ልብሱ ከጠያቂው ልብስ ሳይቋጠር የተጠየቀ ሹም፣ ምን ጨንቆት እውነቱን ይናገራል?»

እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን የግራ ትከሻቸውን አሸት አሸት አድርገው እንዝርታቸውን እንደ ገና አሾሩ። የዚያ ትከሻ ነገር ምን እንደ ሆነ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዱንም አሰገደች የምትባል ሴት ካረፈች በኋላ ብቻ ነገሩኝ። ታሪኩ የወጣትነታቸው ስለ ሆነ አንቱታውን ለጊዜው ልተወው።

የብርጓል የድንጋይማ ልጅ ናት። ድንጋይማ ከዲማ ብዙ የማያርቅ፣ ገብሱም ጤፉም የሚበቅልበት ደጋ አገር ነው። ባሏ ጦርነቱ ሲታወጅ ዘምቶ በዚያው ቀረ። የቀራት ማሳዋና ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ ቦራ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ቦራን ከጎረቤቷ ከአለበል በሬ ጋር ታጣምረው ነበር፤ አንድ ቀን የሷን ማሳ፣ አንድ ቀን የሱን። ይህን ውል በአገራችን መቀናጆ ይሉታል። የብርጓል እንግዲህ በነገር የምትፈራ ሴት ነበረች። የባሏ ወንድሞች መሬቷን ሊነጥቋት ዳኛ ፊት ቢያቆሟት፣ ሦስቱንም ረትታ ስትመለስ መንገድ ላይ እየዘፈነች ነው አሉ።

በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ጣልያን ከተማውንና መንገዱን ይዞ ምሽጉ ውስጥ ተቀምጧል። ኮረብታውና ሸለቆው ግን የአርበኛ ነበር። በድንጋይማና በአካባቢው ያለውን አርበኛ የሚመራው ጎበዝ አለቃ ድረስ የሚባል ሰው ነው። ሰዉ ሲሾመው ዝም ብሎ አልሾመውም። «ጣልያን ሳይጠየቅ ይወስዳል። አንተም ሳትጠየቅ የምትወስድ ከሆነ ልዩነታችሁ የመልክ ብቻ ነው» አሉት። ስለዚህ ድረስ ቃል ገባ፤ በየወሩ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሹሞቹ በትልቁ ወይራ ሥር ቀርበው በአገሩ ሰው ይጠየቁ ዘንድ።

መጠየቁም በደንቡ ነበር። የጠያቂውና የሹሙ ጋቢ ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል፤ ይህ ቁራኛ ነው። ቋጠሮውን በንጉሥ ስም የሚያስረውም የሚፈታውም ዳኛው ነው። ንጉሡ ባሕር ማዶ ቢሆኑም ስማቸው እዚያ ወይራ ሥር ነበረ። ዳኛው ሳይፈታው የፈታ ወይም የቆረጠ ሰው፣ እውነት ቢኖረውም ተረትቷል። በቁራኛ የቆመም ሙግት የሚያዳምጥም ሰው ደግሞ ጠመንጃውን ዛፉ ሥር አስቀምጦ ይቀርባል።

የስንቅ ሹሙ ፈንታ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገሩ አጭር የሆነ ሰው ነበር። ከየብርጓል ጋር በአንድ ደብር ክርስትና ተነሥተዋል። በዚያ ወቅት ጦሩ በጣም ተርቦ ስለ ነበር ፈንታ ከየጎጡ በተራ በተራ የእርሻ በሬ እንዲታረድ አዘዘ። መጀመሪያ የአለበል በሬ ተወሰደ። ቀጥሎ «የቦራ ተራ ነው» ብለው ሁለት ወታደሮች መጡ። የብርጓል በረቱ በር ላይ ተጋድማ፣

«እሑድ እጠይቀዋለሁ! እስከዚያ በላዬ ላይ ተራምዳችሁ ውሰዱት!» አለች።

ወታደሮቹም ሙግቷን ስለሚያውቁ ተመለሱ።

እሑድ ደረሰ። ግንቦት ነበር፤ ሰማዩ ከብዶ አይዘንብም። ዳኛው ከዲማ የመጡ የቅኔ መምህር አለቃ ፍሥሐ ናቸው፤ ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ግጥም ብሎ ሞላ። የፈንታ ሚስት አሰገደችም ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ጎበዝ አለቃ ድረስ ራሱ ወንዝ ማዶ ካለው ሰፈሩ አልመጣም ነበር፤ ሹሞቹ ሲጠየቁ እሱ ካለ ሰው ይፈራል ብሎ ሆን ብሎ ይቀር ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀው አለበል ነው።

«አያ ፈንታ፣ የበሬዬን ሥጋ በላችሁ፤ ይሁን። ቆዳውስ?»

«ለጥይት መያዣ ተሰፋ።»

«እንግዲያ በሬዬ ዘምቷል በሉኛ! እኔ እኮ ሞቷል ብዬ ሳለቅስ ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አለቃ ፍሥሐም በጭራቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አለበል ተፈታ፤ የብርጓል ገባች። የጋቢዋ ጫፍ ከፈንታ ጋቢ ጋር ተቋጠረ። የየብርጓል ሙግት ነው ሲባል በገብስ ማሳው በኩል ኮረብታው ላይ የነበሩት ዘቦች እንኳ አንድ አንድ እያሉ ወርደው ከሰዉ ጀርባ ቆሙ። ዘብ ሙግት ለመስማት ቦታውን ይተዋል ብሎ ማን ያስባል? በእኛ አገር ግን ይህ ይሆናል።

«ቦራ ነገ ይታረዳል ብለሃል፣ አያ ፈንታ?»

«ብያለሁ።»

«ሰኔ ሲገባ ማን ያርሳል?»

«ጣልያን ካልወጣ ሰኔው ለማን ነው?»

ከወታደሮቹ በኩል «እሰይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የብርጓል ወደዚያ ዞራ፣ «እሰይ የምትሉ፣ በሚመጣው ዓመት ምን ልትበሉ ነው? የኔን አጥንት?» አለች። ወደ ፈንታ ተመለሰች። «ዘንድሮ በሬውን በላህ፤ ለከርሞ ጤፉ የለም፤ ከዚያ ወዲያ አርበኛው እግሩን ዘርግቶ ሲወድቅ ጣልያን ጥይት እንኳ አያወጣም። እንዲህ አይደለም ወይ?»

«ጥያቄ ጠይቂ እንጂ አትስበኪ።»

«እሺ፣ ልጠይቅ። የአለበል በሬ ታረደ። የኔ ተራ ደርሷል። ያንተ ጥማድ የታለ? ተራው መቼ ነው?»

ፈንታ ቋጠሮውን ጨበጠ። ዓይኑ ወደ ሴቶቹ፣ ወደ ሚስቱ ሄደ። ሰዉ «መልስ! መልስ!» እያለ ያጉረመርም ጀመር።

«መልስ እንጂ ፈንታ» አሉ አለቃ ፍሥሐ።

«ቀጠሮ ይሰጠኝ፣ የኔታ።»

«ቁራኛ ላይ የቆመ ቀጠሮ የለውም።»

«እንግዲያ . . .» አለ ፈንታ። ከዚያ ወዲያ ያለው አልተሰማም።

መትረየሱ የተተኮሰው ዘቦቹ ትተውት ከመጡት ኮረብታ ላይ ነው። መጀመሪያ የወይራው ቅጠል እንደ በረዶ ረገፈ። ቀጥሎ አለቃ ፍሥሐ፣ ጭራቸውን ወደ ፈንታ እንዳነሡ፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ወደ ኋላ ወደቁ፤ የመጠምጠሚያቸው ግማሽ ከነራሳቸው አልነበረም። ሰዉ ተነሣ። የተነሣው ሁሉ ታጨደ። አንድ ሽማግሌ የተበጠሰ እጁን በሌላው እጁ ይዞ «ይህ የማን ነው?» እያለ ሲጠይቅ የብርጓል አየችው። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ለማንሣት ወደ ዛፉ ሥር ሲሮጡ አንዱ በአንዱ ላይ ተከመሩ። ከመትረየሱ በታች ለጣልያን ያደሩ ባንዶች ሳንጃ ወድረው በገብስ ማሳው መካከል እየወረዱ ነበር።

ፈንታ ከቀበቶው ካራውን መዘዘና ቋጠሮውን ያዘ።

«ልቁረጠው!»

«ቁረጠው! ተረታሁ በልና ቁረጠው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳኛው እኮ ሞተዋል! ማን ሊፈታው ነው?»

«ድረስ ይፈታዋል። ቁረጠውና ቦራ ይቀርልኛል!»

ጥይት በመካከላቸው አልፎ ከኋላቸው ያለውን ሰው ጣለው። ፈንታ «አንቺ ሰይጣን!» ብሎ ካራውን ወደ አፎቱ መለሰ፤ ጋቢውን ጨብጦ ይጎትታት ጀመር። እኔ ይህን ሲነግሩኝ፣ «እማማ፣ ሞት እያለ ስለ በሬ?» አልኋቸው። «ሞትማ ለሁላችን ነበር፤ በሬው ግን አንድ ነው» አሉኝ።

እንደ ተቆራኙ ሮጡ። እሱ በቁጥቋጦው ግራ ሲል እሷ በቀኝ፤ ቋጠሮው ቁጥቋጦው ላይ ሲይዝ ሁለቱም ተወርውረው ይወድቃሉ። «በዚህ!» ይላል፤ «በዚያ!» ትላለች። የወደቀ ሰው ረግጠዋል። መጨረሻ ላይ ፈፋው አፍ ደረሱና ተያይዘው ተንከባለሉ፤ ከታች በቀጋ እሾህ የተከለለ ጓዳ መሳይ ቦታ ውስጥ ተጠጉ።

ከላይ ባንዶቹ የቆሰለውን በሳንጃ ሲጨርሱ ይሰማል። ጩኸት የለም፤ «እህ» የሚል ድምፅ ብቻ፣ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ከዚያ አንዱ ወደ ፈፋው ወረደ። በአማርኛ፣ የዚያው አገር ሰው በሚናገረው ቅላጼ፣ «ውጡ ወገኖቼ፣ ምሕረት ተብሏል» እያለ ነበር። ነጩ የጋቢ ጫፍ ከእሾኹ ወጥቶ ነበርና አየው። ምሕረቱን ረስቶ ሳንጃውን በቀጥታ ወደ የብርጓል ደረት ሰነዘረ። ፈንታ ጋቢውን ሳበው። ቋጠሮው እሷን ወደ ጎን ወረወራት፤ ሳንጃው ደረቷን ስቶ በግራ ትከሻዋ ገብቶ በስተ ጀርባ ወጣ። ፈንታ በሁለት እጁ የጠመንጃውን አፈ ሙዝ ያዘ። ባንዳው ሳንጃውን ነቅሎ ቃታውን ሳበ፤ ጥይቱ ፈንታን ሆዱ ላይ መታው። ሆኖም አፈ ሙዙን አልለቀቀም። የብርጓል ድንጋይ አነሣች።

አንዴ መታችው። ሰውዬው «እማዬ» አለ። ደግማ መታችው። መምታቱን ማቆም አቃታት፤ ፊት መሆኑ እስኪቀር ድረስ መታችው። ስለዚህ ነገር የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራስ ቅል ሲሰበር ድምፁ ልክ እንደ ደረቀ ቅል ነው። እስከ ሞቱ ድረስ ቤታቸው ቅል ገብቶ አያውቅም፤ ውኃም እርጎም በሸክላ ነበር።

ፈንታ የፈፋውን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ሆዱን በሁለት እጁ ይዟል። በጣቶቹ መካከል የሚወጣውን እሷም እሱም እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

«የብርጓል።»

«አለሁ።»

«ጥማድህ የታለ አልሽኝ። አንዱ የለም። ከሁሉ በፊት የታረደው የኔው ነው።»

«ምን?»

«የጦሩ ልጆች ሳማ ቀቅለው ሲበሉ አየሁ። ሌሊት ነድቼ ወሰድሁት።»

«ታዲያ እዚያ ሰው ፊት ስጠይቅህ ምነው ዝም አልህ? አንድ ቃል ብትናገር እኮ ትረታኝ ነበር!»

ፈንታ ሊስቅ ሞከረና ሕመሙ ከለከለው። «አሰገደች ነበረቻ! አባቷ ለሰርጓ የሰጣት በሬ ነው። ሌባ ወሰደው ብያታለሁ። አብሬአት ፈልጌያለሁ፤ ጫካ ለጫካ፣ ‹ና፣ ና› እያልሁ ተጣርቻለሁ።»

የብርጓል ሳቀች። ትከሻዋ ደም እያፈሰሰ፣ ሬሳ አጠገቧ ተዘርሮ፣ ሳቀች። እሱም በዓይኑ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

«መልስህ ምንድን ነው እንግዲህ፣ አያ ፈንታ?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«መልስ የለኝም። በሬ ከበላን ለከርሞ የምንበላው የለም፤ ካልበላንም ዛሬ የምንበላው የለም። ስንቱን ሌሊት አሰብሁት፤ መልስ የለኝም። ለድረስ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። የበሬዬን ነገር ግን . . . ለሷ . . .»

«አልናገርም።»

«በንጉሥ?»

«ንጉሥ ይሙት፣ አልናገርም።»

ብዙ አልቆየም። ራሱ ዘንበል ሲል ቋጠሮው ጎተታትና ሞቱን በዚያ አወቀች።

ባንዶቹ ቤቱን ሁሉ አቃጥለው ወደ ምሽጋቸው ሲመለሱ፣ የብርጓል ከፈፋው ወጣች። ቋጠሮውን ፈትታ ብትሄድ የሚከለክላት አልነበረም። ነገር ግን ቋጠሮው ከተፈታ «መልስ የለኝም አለ» ብትል ማን ያምናታል? ስለዚህ ሬሳውን በጋቢው አጥብቃ አስራ፣ በደህናው ትከሻዋ እየሳበች፣ ወንዙን አሻግራ ዳገቱን ተያያዘችው። ትጎትታለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። የሱም ደም የሷም ደም በአንድ መንገድ ላይ ይወርዳል። የድረስ ሰዎች ዳገቱ መካከል አገኟት።

«እቴ፣ ፍቺውና እኛ እንሸከመው።»

«እጃችሁን እንዳታሳርፉ! ዳኛ ነው የሚፈታው።»

ያበደች መሰላቸው። ከነቋጠሮው ሁለቱንም ጎን ለጎን ተሸክመው ሰፈር አደረሷት።

ድረስ ወንድሙንም በዚያ ቀን ወይራው ሥር ስላጣ ዓይኑ ቀልቷል። የተረፉት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። የብርጓል ከሬሳው አጠገብ እንደ ተቀመጠች ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ሙግቴ አልተቆረጠም። የእርሻ በሬ ስለምን ይታረዳል ብዬ ጠይቄዋለሁ። መልስ የለኝም ብሏል።»

ከሽማግሎቹ አንዱ፣ «ምስክርሽ ማን ነው? የሞተ ሰው ያላለውን ብሏል ማለት ቀላል ነው» አለ።

«ካራውን እዩት» አለች። «በአፎቱ ነው። መትረየስ እየወረደበት መዝዞት ነበር። ቢቆርጠው ነፍሱን ያድን ነበር፤ ተረትቶ ይኖር ነበር። አልቆረጠውም። እንዲህ ያለ ሰው ያላለውን ብሏል ብዬ ልዋሽበት?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ካራውን ከአፎቱ ሳብ አደረገው። ንጹሕ ነበር። መልሶ ከተተውና ወደ ድረስ አየ።

ድረስ ተነሣ። በደም የጠጠረውን ቋጠሮ በጥፍሩ ሊፈታው ቢሞክር እምቢ አለው፤ በጥርሱ ፈታው። «ረትተሻል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የእርሻ በሬ አይታረድም። የምንበላውን ከጣልያን እንቀማለን፤ ካልቻልን እንራባለን።» ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ያንን ለመቀማት ሲሄድ ሞተ፤ ይህም መነገር አለበት።

ያን ጊዜ አሰገደች ደረሰች። ባሏን አየች፤ የተፈታውን ጋቢ አየች። አልጮኸችም። ወደ የብርጓል ተጠግታ ፊቷ ላይ ተፋችባት።

«ቋጠሮሽ ነው የገደለው። ፈንታ ብቻውን ቢሆን ኖሮ የሚደርስበት አልነበረም። በሬሽን በባሌ ነፍስ ገዛሽ። የሱን ጥማድ ስትጠይቂ ነበር፤ ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አለሽ?»

የብርጓል ምራቁን አልጠረገችም።

«መልስ የለኝም አለ» አለች።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሦስት ቀን ጥሎ ምድሩ ሲለሰልስ፣ የብርጓል ቦራን እየነዳች፣ አለበልም ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ፣ የፈንታ ደጅ ደረሱ። ትከሻዋ ገና አልሻረም፤ እጇ በመቀነት አንገቷ ላይ ታስሯል። አሰገደች ከቃጠሎ የተረፈው ጎጆ በር ላይ ቆመች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ማሳሽ ጦም እንዳያድር ብዬ ነው። አስቀድሞ ያንቺ ይታረስ።»

«የዚያ በሬ ኮቴ ማሳዬን አይረግጥም።»

የብርጓል ከቆመችበት አልሄደችም። ካፊያው ጀመረ። አለበል ቀንበሩን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ ቆይቶ፣ «እመቤቶቼ፣ ጠባችሁን ቶሎ ጨርሱና ቀንበሩ ይቅለለኝ። እኔ ብቻ ነኝ እዚህ በሬም ባልም የሌለኝ!» አለ። አሰገደች ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና መልሳ ያዘችው።

«አንድ በሬ ነው ያለኝ» አለች በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያየች። «የአባቴን በሬ ሌባ ወሰደብኝ። ፈንታ ስንት ቀን ጫካ ለጫካ ሲጣራ ከረመ፤ ድምፁ እስኪዘጋ። ሰው በተጨነቀበት ዘመን እንዲህ ያለ ክፉ ሌባ አለ?»

የብርጓል ቀና ብላ አላየቻትም።

«ክፉ ሌባ ነው» አለች።

አሰገደች ወደ በረቱ ገባችና በሬዋን ይዛ ወጣች። አለበል ጠመዳቸው። በሬዎቹ አይተዋወቁምና አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ጎተተ፤ ቀንበሩ ተንጋደደ፣ የመጀመሪያው ትልም ተጣመመ። አለበል ጅራፉን አነሣ። የብርጓል ሳታስበው የግራ ትከሻዋን ያዘች።

«ተው፣ አትምታቸው» አለች አሰገደች፣ ከፊት ሆና ሁለቱንም እየመራች። «ይላመዳሉ።»